ክርክር፦ 1,400 ካሴት ይጣል ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ አቅራቢው
ሰላም የጅማ ልጆች። አጎቴ በሂርማታ ገበያ አጠገብ ለረጅም ዘመን ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ካሴት የሚገዛ ሲጠፋ ፊት ለፊቱን ለስልክ ዕቃ ሻጭ አከራዩና ካሴቶቹን ወደ ጓዳ አስገቡ። አሁን ቤቱን በሁለት ወር ውስጥ ማስረከብ አለባቸው። ቆጠርነው፤ 1,400 ገደማ ነው። ልጆቻቸው «ዘፈኑ ሁሉ በስልክ ይገኛል፣ ይጣል» ይላሉ። እሳቸው መልስ አልሰጡም፤ ትናንት ግን ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ እያወረዱ በጨርቅ ሲጠርጉ ዋሉ። እንዲህ ያለ ክምር በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ጉዳዩን ለእናንተ አቀርባለሁ። ሙዚቃ ወደ ስልክ ከገባ በኋላ ካሴት ማቆየት ለከተማችን የሚጠቅም ነገር አለው?

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያው
የለውም። ይገልበጥና ይወገድ። ይህን የምለው ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም፤ ካሴት ውስጡ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ክሩ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ድምፁን የያዘው በላዩ በሙጫ የተለጠፈው የብረት ዝገት ዱቄት ነው። ሙጫው እርጥበት ይስባል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ፣ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ካሴት ምን እንደሚሆን ጫማውን በክረምት አልጋ ሥር የረሳ ሁሉ ያውቀዋል። ነጭ ሻጋታ የወጣባቸውን ብዙ አይቻለሁ። የ90 ደቂቃዎቹ ደግሞ ክራቸው ከ60ዎቹ የሳሳ ስለሆነ ማጫወቻው ይበላቸዋል። ማጫወቻውም ቢሆን የጎማ ቀበቶው እየላላ ነው፤ መለዋወጫ ፍለጋ መከራ ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ በጥሩ ጥራት ሲገለበጥ 635 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የአጎትህ መደርደሪያ በሙሉ አንድ ቴራባይት በሚይዝ፣ በመዳፍ በሚያዝ ዲስክ ውስጥ ይገባል። ታዲያ ሣጥን ተሸክሞ መዞር ለምን?

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህርት
ልጄ፣ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አስላው። ካሴት በፍጥነት አይገለበጥም፤ የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሁሉም የ60 ደቂቃ ነው ብንል 1,400 ሰዓት ነው። በ60 ቀን ውስጥ፣ በቀን አሥር ሰዓት ሳትነሣ ብትሠራ፣ 600 ብቻ ትጨርሳለህ። መብራት ሲጠፋ አልቆጠርኩም። «ገልብጦ መጣል» ያልከው በተግባር ሲመነዘር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሳይገለብጡ መጣል ነው።

ሁለተኛው ነገር ስሙ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የሰበሰባቸውን ካሴቶች ልጆቼ ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ወስደው ወደ ሚሞሪ ካርድ አስገለበጡልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ስከፍተው «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ይወርዳል። ካሴቶቹ ሱቁ ውስጥ ቀርተው ጠፉ። በሽፋኑ ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ ያጀበው ባንድ የትኛው እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ባለቤቴም የገዛበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጽፍበት ነበር። የልጅ ልጄ «ሳክስፎኑን የሚነፋው ማን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ዘፈኑ አለኝ፤ የሠሩት ሰዎች ግን ከእጄ ወጡ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ
እማማ፣ የደረሰብዎት አሳዘነኝ። ነገር ግን የካሴቱን ዘመን ስናነሣ ካሴት የነበረው ማን እንደሆነ አብረን እናንሣ። አባቴ ባደገበት መንደር አንድ ቴፕ ነበረ። ባትሪው እንዳያልቅ ለበዓል ብቻ ይከፈት እንደነበር ነግሮኛል፤ ዘፈኑን የሚመርጠውም ባለ ቴፑ ነበር። ዛሬ እኔ በዶርም ተኝቼ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠውን የዓሊ ቢራን የልጅነት ድምፅም የእርጅና ድምፅም በአንድ ምሽት እሰማለሁ። እኔን ለእሱ ያስተዋወቀኝ ስልክ ነው እንጂ የማንም መደርደሪያ አይደለም። ታናሽ እኅቴ በገጠር ሆና ያንኑ ዘፈን በዚያው ምሽት ትሰማለች። ይህን እንደ ጉዳት አትቁጠሩብን። የስም መጥፋት የቀጂው ስንፍና ነው፤ ስልክ ስም መጻፍ አይከለክልም።

የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋቹ
ሁላችሁም የምትናገሩት ስለ ሰሚው ነው። ሙዚቀኛውስ?

በካሴት ዘመን ዘፋኙ ለአሳታሚው ሥራውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ካሴቱ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጭኖ ጅማ ሲደርስ ግን አንዱ ኦሪጅናል እናት ይሆናል፤ ሙዚቃ ቤቱ በባዶ ካሴት እያባዛ ይሸጣል። እኔ ራሴ በልጅነቴ የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፌ ባዶ ካሴት ይዤ ሄጄ አስቀድቻለሁ። ከዚያ ገንዘብ ለዘፋኙ አምስት ሳንቲም አልደረሰም። ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መጣ፤ በጥቂት ብር መቶ ዘፈን ይጫናል፤ ለባለቤቱ አሁንም ምንም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ከባልደረባቸው ጋር አውታርን ሲከፍቱ ልቤ የሞላው ለዚህ ነበር፤ ሰሚው በስልኩ ከፍሎ ዘፈን የሚገዛበት መንገድ ነበርና። ኤልያስ በ2012 መስከረም ላይ አረፈ። ዲጂታሉን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተሰማ የሚቆጠርበት መንገድ ቢያንስ አለው። ካሴት ስንት እንደተባዛ ማንም አያውቅም።

ወንድሜ፣ ቅር አይበልህ፣ የአጎትህ ሱቅም ይህን ሳያደርግ አልቀረም።

ጥያቄ አቅራቢው
ቅር አላለኝም። ያነሣኸውን ወስጄ ጠየቅኋቸው። «አዎ፣ አባዝቻለሁ፤ ያኔ ሁሉም የሚሠራው እንደዚያ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ይከብደኛል» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት ካርቶን አወጡ። ሽፋናቸው የታተመ አይደለም፤ በእጅ የተጻፈ ነው። የሰፈር ሠርግ፣ በአፋን ኦሮሞ የተቀዳ መንዙማ፣ በትምህርት ቤት በዓል ላይ የተጫወቱ ልጆች፣ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ክራር ሲመቱ። ሁለት መቶ ያህል ናቸው። ሰዎች ሊያስቀዱባቸው አምጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ናቸው።

አዲስ አበባ የምኖር የጅማ ልጅ
እነዚህ በዩቲዩብ የሉም! «ሁሉም በስልክ ይገኛል» የሚለው ቃል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በስልክ የሚገኘው አንድ ሰው ዕቃውን አቆይቶ፣ ደክሞበት ያስገባው ብቻ ነው። አምኃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተሟቸው ሸክላዎች ከ1997 እ.ኤ.አ. በኋላ በፈረንሳይ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች ወጥተው ዓለም የሰማቸው ቅጂዎቹ ስለቆዩ ነው። የተጣለ ነገር በድጋሚ አይታተምም። ለእነዚያ ሁለት ካርቶኖች ስትሉ አትቸኩሉ።

በሕግ ሙያ የምሠራ
ወደ ቴሌግራም ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ (ለዘፈነው ወይም ለተጫወተው ሰው) እና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚው የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለግጥምና ዜማ ደራሲው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ስለዚህ አብዛኛው ካሴት ገና ባለቤት አለው። ይኸው አዋጅ ግን ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የያዙት ቅጂ እንዳይጠፋ እንዲገለብጡ በር ይከፍትላቸዋል። ለሕዝብ መልቀቅ አንድ ጉዳይ ነው፤ እንዳይጠፋ ማቆየት ሌላ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያው
እትዬ፣ ሒሳቡ ላይ ረትተውኛል፤ ስለ ሁለቱ ካርቶኖችም አላውቅም ነበር። የታተሙት አብዛኞቹ ሌላ ቦታ እንደሚገኙ አሁንም አምናለሁ፤ ለእነሱ ጓዳ መከራየት ይከብደኛል። ሁለት መቶው ግን በቀን አምስት ቢገለበጥ 40 ቀን ነው፤ ይደረሳል። ማጫወቻ እኔ ዘንድ አለ፤ ቀበቶውን ቀይሬዋለሁ። ሻጋታ ያለበትን ወደ ማጫወቻው እንዳታስገቡ፤ ሻጋታው ድምፁን የሚያነበውን የማጫወቻውን ራስ (ሄድ) ያበላሽና ወደሚቀጥለው ካሴት ይዛመታል። ለይታችሁ አምጡልኝ። ዲስክም ሳያስጠነቅቅ ስለሚሞት በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ሽፋኑን በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሥቼ የፋይሉን ስም እኔ እጽፋለሁ።

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህርት
እኔም እመጣለሁ። ስለታተሙት አልተስማማሁም፤ የእኔ ሳሎን አንድ መደርደሪያ ይችላል፣ መጀመሪያ እኔን ሳትጠይቁ አንድም እንዳይወጣ። የፋይል ስም መጻፍ ግን ድምፁን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ሠርግ ላይ የዘፈኑትን የሚለዩ ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ ያሉትን ጥሩልኝ።

ጥያቄ አቅራቢው
እንግዲያው ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ከላይ ያገኘሁት ካሴት «መንደራ ኮቺ፣ ሠርግ፣ ጥር 1984» ይላል። መጀመሪያው ላይ የዝናብ ድምፅ አለ፤ በጥር መሆኑ ነው፤ ከዚያ አንዲት ሴት ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ድምፅዋ የሚገርም ነው። በዚያ ወር በዚያ ሰፈር የተዳረ ወይም ለሚዜነት የቆመ ከመካከላችሁ አለ?