የቅዳሜው የወላጆች መድረክ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ወገኖች። ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምናስገባውን ፕሮፖዛል ጀምሬዋለሁ። ርዕሱ «የመማር እክል ላለባቸው ልጆች ወላጆች የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የንግግር ፕሮግራም፣ በራሪ ወረቀት፣ ሻይ። ሐሳባችሁን ጣሉበት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ርዕሱን ቀይሪው እህቴ። ያኔ ይሄ ወረቀት ቢደርሰኝ «የእኔን ልጅ ምን ጎደለው?» ብዬ እቀደው ነበር። ትልቁ ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ መጽሐፉን እንደ ውሃ ያንቆረቁርልኝ ነበር። አንድ ማታ እያነበበ መብራት ጠፋ። እሱ ግን አላቆመም! ለካ ገጹን በሙሉ በቃሉ ይዞታል። በማግስቱ «ቡና» የሚለውን ብቻ ጽፌ ሳሳየው ዝም አለ። ስንፍና መስሎኝ ገረፍኩት። ዛሬም ያንገበግበኛል። ከትምህርት ቤት የመጣው ደብተርም «ሰነፍ ነው፣ ይምከሩት» ነበር የሚለው።

የ2ኛ ክፍል መምህር፦ ገጹን ሙሉ በቃሉ የያዘ ልጅ ጭንቅላቱ አይሠራም ሊባል ነው? ወላጅ እንዲያይ የምንፈልገው ይሄንኑ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ እክል ከጉብዝና ማነስ የሚመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜም በዘር ይወርዳል። ፊደላችንን ደግሞ አስቡት። 33ቱ በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ቡ እና ቢን ጎን ለጎን ጻፏቸው። ልዩነታቸው ቀኝ እግራቸው ላይ ያለችው ጭረት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቷ ብቻ ነው። ስለዚህ ንግግሩን እናሳጥርና ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ዐረብኛ እንጻፍ። ወላጆች በአንድ ደቂቃ ይገልብጡት። ልጃቸው በየቀኑ ምን እንደሚሰማው ያኔ ይገባቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ዐረብኛውንማ እኔ አነብልሃለሁ ቲቸር፣ ቁርኣን ቤት ምን ስንሠራ ነበር? ሌላ ፈልግ።

የ2ኛ ክፍል መምህር፦ ሃሃ፣ ልክ ነህ። የጆርጂያ ፊደል ይሁን።

የልጅ ልጅ የማሳድግ አያት፦ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀት ብታድሉኝ ምን አደርግበታለሁ? ጠበል አመላልሼዋለሁ፣ አሁንም አልተውም። ቤት ውስጥ ምን ላድርግለት?

የ2ኛ ክፍል መምህር፦ ጠበሉን ማንም አይከለክልዎትም እማማ። ጎን ለጎን ግን ጤና ጣቢያ ወስደው ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩልኝ። ያልታየ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይታወቅ። ቤት ውስጥ ደግሞ ማንበብ የማይጠይቅ ጨዋታ አለ። ቡና ሲያፈሉ «ከቡና ላይ ቡን ብናወጣ ምን ቀረ?» ይበሉት። «ና!» ካለ ድምፅ መለየት ጀምሯል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ለማንበብ መሠረቱ ይሄ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ሲሰለቸው ይተዉት።

የሁለት ልጆች እናት፦ እንደውም መድረኩ ላይ ቡና ይፈላ፣ ጨዋታውን እዚያው እንሞክረው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። የልጅ ስም በአደባባይ አይጠራ። እኛም «ያንቺ ልጅ እክል አለበት» ብለን አንፍረድ።

ጸሐፊዋ፦ ተስማማን። ርዕሱ «ልጄ ማንበብ ለምን ከበደው?» ይሁን። በራሪ ወረቀቱን ሰርዤዋለሁ። ከጽሕፈት ቤቱ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጆቹን በአግባቡ የሚያይ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ። «አይመለከተንም» እንዳይሉን ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ መግቢያው ላይ ጠቅሼዋለሁ። የቀረው ሲኒ ነው፣ 40 ከየት ይምጣ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከእድራችን አመጣለሁ። የሰበረ ይከፍላል።