የጥቅምትና የጥር የኮከብ ምሽቶች፦ የጋራ ሐሳባችንን እንጨርስ

አስተባባሪ፦ ሰላም ሁላችሁም። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ዕቅድ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። የእኔ ሐሳብ አንድ ነው። ዘንድሮ ጨረቃና ሳተርን ብቻ አሳይተን ከምንመለስ ትናንሽ የኮከብ ቅርጾችን እንያዝ። ያለን መሣሪያ ለዚህ ሁነኛ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያዩት የሰማይ ቁራጭ ጠባብ ስለሆነ «ማንጠልጠያው» የሚባለው የኮከቦች ቅርጽ ሙሉውን አይገባላቸውም፤ የእኛ ባለ 130 ሚሊሜትር ግን በ25 ሚሊሜትሩ አይፒስ (ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ) 26 ጊዜ ብቻ አጉልቶ 2 ዲግሪ ገደማ ስለሚያሳይ አሥሩም ኮከቦች አንድ ላይ ይገባሉ። ስድስቱ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፣ አራቱ መንጠቆ ሠርተዋል። ቁርጥ የልብስ ማንጠልጠያ! አል-ሱፊ የሚባለው ፋርሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ964 መዝግቦታል። ኮከቦቹ ግን በእኛ በኩል ሲታዩ ተገጣጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

በጥቅምት ማታ 1 ሰዓት ላይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ይገኛል። አልታይር ከሚባለው ኮከብ ቬጋ ወደሚባለው ስትሄዱ ሲሶው ላይ ነው። ቦታው ሱሉልታ ይሁን እላለሁ።

መምህሩ፦ ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ለምን ሱሉልታ? ለገጣፎ ለብዙዎቻችን ይቀርባል። ተማሪዎችን ማታ ይዤ ስሄድ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ርቀቱን ነው።

ከሱሉልታ፦ ጋሼ፣ ርቀቱ ላይ ልክ ነዎት። ግን የጥር ወሩን ምሽት ያስቡት። ያኔ የምናየው የኬምብል ሰንሰለት የሚባለው የኮከቦች ሰልፍ ያለው በሰሜን ነው፣ ከእኛ ሲታይ ቢበዛ 36 ዲግሪ ገደማ ነው ከፍ የሚለው። እኛ ሰፈር ወደ ሰሜን ስንዞር የአዲስ አበባ መብራት ከጀርባችን ይሆናል፣ እሱንም እንጦጦ ይጋርድልናል። ለገጣፎ ላይ ይሄ ጋራ የለም። ሰንሰለቱን ያስተዋሉት አባ ሉሲያን ኬምብል የሚባሉ ካናዳዊ የፍራንሲስካን መነኩሴ ናቸው፣ ያውም በ7×35 ባይኖኩላር! ከሃያ በላይ ደካማ ኮከቦች 3 ዲግሪ ያህል ቀጥ ብለው ይወርዱና አንዲት ትንሽ የኮከብ ክምችት ላይ ያበቃሉ። ባይኖኩላር ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ፣ ለዚህኛው ከቴሌስኮፑ ይሻላል።

ሌላ ደግሞ፣ ስልካችሁን ቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሉት። አምና አንድ ሰው ነጭ መብራት አብርቶ ሁላችንም እንደገና ሃያ ደቂቃ ዓይናችን ጨለማ እስኪለምድ ጠበቅን። ጋቢም አትርሱ፣ የጥር ውርጭ አይቻልም።

መምህሩ፦ እሺ፣ አሳመንሽኝ እህቴ። ሁለት ነገር ግን ይጨመርልኝ። አንደኛው፣ ኦሪዮን በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ኤንጂሲ 2169 የተባለ የኮከብ ክምችት ነው፤ ኮከቦቹ «37» ብለው የተጻፉ ይመስላሉ፣ ልጆች ይሄን ካዩ አይረሱትም። ትንሽ ስለሆነ 10 ሚሊሜትር አይፒስ ይፈልጋል። በኒውተን ቴሌስኮፕ (በመስታወት በሚሠራው) ተገልብጦ ይታያል፣ ዞር ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ ባለ ሌንሱ ቴሌስኮፕ ላይ ብርሃኑን ወደ ጎን በሚያጥፈው መስታወት ከታየ ግን ግራ ቀኙ ስለሚለዋወጥ እንደ ቁጥር አይነበብም። ስለዚህ ለልጆቹ ኒውተኑ ይመደብ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው ያየውን በእርሳስ ይሣል፣ የራሱንም ስም ያውጣለት። ፈረንጆቹ «የሻይ ማንቆርቆሪያ» የሚሉትን የሳጂታሪየስ ኮከቦች ቅርጽ ተማሪዎቼ ገና እንዳዩት ጀበና ነው ያሉት። እኔም ከዚያ ወዲህ ጀበና ነው የምለው።

አስተባባሪ፦ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። እንግዲህ ጥቅምት ላይ ማንጠልጠያው፣ ጥር ላይ ሰንሰለቱና 37፣ ሁለቱም ጨረቃ በሌለችበት ቅዳሜ፣ ሱሉልታ። የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከብ ቅርጽ ከዚያ ሲታይ ከተማው መብራት ላይ ስለሚወድቅ ለሚያዝያ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን፣ አሁን አናስገባው። የቀረን ሚኒባስ ነው። ተማሪዎቹን በጊዜ ቤታቸው የሚያደርስ አስተማማኝ ሹፌር የምታውቁ ዛሬ ማታ ጻፉልኝ። የአካባቢውን ጥበቃዎች አስቀድሞ የሚያናግርልንስ ማነው?

ከሱሉልታ፦ እሱን ለእኔ ተዉት፣ ነገ ጠዋት አናግራቸዋለሁ።