የኮንዶሚኒየም ኮሙዩናል ህንፃችንን ለአካባቢ እንዲስማማ ለማድረግ ከምን እንጀምር?

የብሎክ ኮሚቴ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ያለ የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበር ኮሚቴ ነን። አራት ብሎክ በጋራ የሚጠቀምበት አንድ ኮሙዩናል ህንፃ አለን፤ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ በዓል ሲሆን በግ ይታረድበታል። ጣሪያው 12 በ10 ሜትር ቆርቆሮ ሲሆን አሸንዳ ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ዙሪያውን ባለ 60 ዋት 8 አምፖሎች ሌሊቱን ሙሉ ይበራሉ። በበዓል ማግስት ደግሞ የፍሳሽ መስመሩ ይዘጋል። የተዋጣው ገንዘብ ሁሉንም በአንዴ አያሠራም፤ አንዳንድ አባላት ሶላር ይቅደም ይላሉ። ቅድሚያ የሚሰጠው የትኛው ነው? ለዝናብ ውሃስ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃል?

ቧንቧና ፍሳሽ

ስለ ውሃው ልመልስ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 120 ካሬ ነው፤ የሚፈናጠረውንና የሚባክነውን 20 በመቶ ስትቀንሱ ከእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 96 ሊትር ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌም በነሐሴም በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ በሳምንት ገደማ ይሞላል። ለሽንት ቤትና ለወለል ማጠቢያ በቀን 300 ሊትር ብትጠቀሙ 16 ቀን ያቆያችኋል። የክረምቱን ውሃ ለበጋ ማሻገር ግን አታስቡ። ለአራት ወር ብቻ 36,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሰባት ሮቶ ቢደረደርም አይበቃም። ስለዚህ አንድ 5,000 ይበቃችኋል።

በሌላውም ጎን አሸንዳ አሠሩ፤ በየ10 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ። መውረጃው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ይሁን። አሸንዳው ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ለቅጠል ወንፊት አድርጉ።

ብዙ ቦታ የሚበላሸው የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ የሚያወርደው አቧራ፣ የወፍ ኩስና የጭስ ጥላሸት ጉዳይ ነው። ይህ ውሃ ሮቶ ውስጥ መግባት የለበትም። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሊትር ጣሉ፤ ለእናንተ ጣሪያ 60 ሊትር ማለት ነው። 110 ቧንቧ በሜትር የሚይዘው 8.4 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቁልቁል የቆመ ቧንቧ ብቻውን አይበቃም፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም በርሜል ያስፈልጋል። መውረጃው ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ግጠሙ፤ ቀጥታ የሚወርደው እግር ወደ በርሜሉ፣ የጎኑ ወደ ሮቶው ይሂድ። በርሜሉ ሲሞላ ውሃው ራሱ ወደ ጎን ይዞራል። ከበርሜሉ ሥር ትንሽ ቧንቧ አድርጉና ጠብ ጠብ እንዲል በጥቂቱ ክፍት ተዉት። ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ በርሜሉ እንደሞላ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ቆሻሻውን ይዞ በቀጥታ ሮቶ ይገባል። ክረምቱን በየሳምንቱ ከፍታችሁ ደለሉን አስወጡ።

የሞላ ሮቶ ከ5 ቶን በላይ ይመዝናል። አፈሩ በደንብ ተጠቅጥቆ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ 15 ሴንቲ ሜትር ብረት ያለው ኮንክሪት ይደረግለት፤ መሬቱ ካዘነበለ የሮቶው ታች ይሰነጠቃል። ቀለሙ ጥቁር ቢሆን ብርሃን ስለማያስገባ አልጌ አይዝም። መውጫው ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ትርፍ ውሃ ማስወጫው ከመግቢያው አይጥበብ፣ አፉም በወንፊት ይሸፈን፤ አለዚያ ትንኝ ይራባበታል። ይህ ውሃ ለመጠጥ አይሆንም። ለልብስ ግን ከቧንቧው ውሃ ያነሰ ሳሙና ይፈጃል።

ኤሌክትሪክ

ሶላር ይቅደም የሚለውን አልደግፍም። የሀገራችን ኃይል አብዛኛው ከውሃ ግድብ የሚመነጭ ስለሆነ ፓነል ብትሰቅሉ በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቀየራል። ምጣዱን እንደሆነ አይችለውም። አምፖሎቹን ዛሬ ቀይሩ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ስታደርጉ በአንዱ 51 ዋት፣ በስምንቱ በ12 ሰዓት ወደ 4.9 ኪሎ ዋት ሰዓት በየሌሊቱ ይቀንሳል። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ከ100 እስከ 265 ቮልት የሚል ፈልጉ፤ 220 ብቻ የሚለው ኃይል ሲዋዥቅ ቶሎ ይቃጠላል። ሰው ሲያልፍ የሚያበራ ሴንሰር ከፈለጋችሁ፣ የድሮ ማብሪያ ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) የለም፤ ሦስት ሽቦ የሚፈልገው ሴንሰር እዚያ አይሠራም። አምፖሉ ጋ ግጠሙት።

ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ቢሆን 16 አምፔር ይስባል። ሶኬቱ የሚቀልጠው ይህን ያህል ጉልበት ለረጅም ሰዓት ስለማይችል ነው። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ያለ ሶኬት በማብሪያ ይያያዝ። ሦስት ምጣድ ካለ በሦስቱ ፌዝ (የኃይል መስመር) አከፋፍሉት። ደግሞ ጋጋሪዎች ተራ ይያዙ፦ ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ከወሰደ ወደ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለ እንጀራ ይነዳል። አምስት ቤት ተከታትሎ ቢጋግር አራቱ ማሞቂያ ይቀራል። በማገዶ የሚጋገርበት ምድጃ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ መቀየር ያለበት እሱ ነው፤ ጭሱ የሚጎዳው ጋጋሪዋን ነውና።

አፈርና ተክል

የበዓሉን መዘጋት የሚያመጣው ፈርስ ነው። ውሃ እያፈሰሱ ወደ መስመሩ ሲገፉት ቧንቧው መታጠፊያ ላይ ይረጋል። ማረጃው መውጫ ላይ ወንፊት አድርጉና ፈርሱን ለኮምፖስት ሰብስቡት፤ ከከብት አዛባ አያንስም። በፓሌት እንጨት በየአቅጣጫው 1 ሜትር የሆኑ ሁለት ሳጥኖች ሥሩ። ከዚያ ካነሰ ክምሩ አይሞቅም። አንድ እጅ እርጥብ (ፈርስ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ)፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ (ገለባ፣ የደረቀ ሣር፣ የተከተፈ የጫት ገረባ) አድርጉ። ፈርሱን መሃል ቅበሩት። መሃሉ 55 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እጅ አያስገባም፤ በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ ገልብጡት። የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ደረቅ ጨምሩ፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷልና ገልብጡ። አጥንት፣ ስብና ሥጋ አይግባ፤ አይጥ፣ ውሻና ጅብ ይጠራል። የከሰል አመድ ከአንድ ሁለት እፍኝ አይብለጥ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይብዛ። ክረምት ላይ በላስቲክ ካልተሸፈነ ዝናቡ ያጥበዋል።

የብሎክ ኮሚቴ (ጠያቂ)

እጅግ እናመሰግናለን። አምፖሉንና የማረጃውን ወንፊት ወዲያው እናሠራለን፤ ሮቶውም ከግንቦት በፊት ይቆማል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሮቶው ሲጎድል ከቧንቧው ውሃ እንዲሞላ ብናያይዘው፣ ኖን ሪተርን ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) ካለው ይበቃል?

ቧንቧና ፍሳሽ

አይበቃም። ቫልቭ ውስጥ አሸዋ ከገባ አይገጥምም፤ ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ መስመሩ ወደ ኋላ ይስባልና የጣሪያው ውሃ ሰው ወደሚጠጣው ይገባል። የቧንቧው ጫፍ ከትርፍ ውሃ ማስወጫው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሮቶ ውስጥ ያለውን ውሃ ሳይነካ ከላይ ወደ ታች ይፍሰስ። መዝጊያውንም በእጅ የሚከፈት አድርጉት፤ በፍሎተር (ውሃው ሲጎድል የሚከፍት፣ ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ) ራሱን የሚሞላ ከሆነ በክረምት የዝናቡን ቦታ የቧንቧው ውሃ ይይዝባችኋል።