«ጠበቀብን» ሲባል የትኛው «ጠበቀ» ነው?

የሸዋ በሩ፦
ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ፣ ከየጎፍ ተራራ ግርጌ፣ ጥዱንና ወይራውን ሽቅብ እያየን ቡና ስንጠጣ የደኑ ነገር ተነሣ። አንድ አባት «ደኑ ተጠበቀልን አትበሉ፤ ጠበቀብን እንጂ» አሉና ቤቱ በሣቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ግን ሁለተኛው «ጠበቀ» ዘብ መቆም ነው ወይስ እንደ ቋጠሮ መጥበቅ? «ጥብቅ ደን» የምንለውስ ከየትኛው መጣ?

ዘዳዊት፦
ከመጥበቅ ነው። በግዕዝ «ጠብቀ» ተጣበቀ ማለት ነው፤ ለዘብ «ዐቀበ» አለልን። ፍርድ ቤት ሂድና ተመልከት፤ ዐቃቤ ሕጉ የግዕዙን፣ ጠበቃው የአማርኛውን ይዘው ይሟገታሉ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መምህር፣ አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው ሲባል ታዲያ ሙጫ ሊሆን ነው? ደግሞም «ያበጃት» ይቀድማል። የእኛ ተራሮች ላይ ግን የተተረጎመው ሁለተኛው ቃል ብቻ ነው።

ዘዳዊት፦
ሙጫማ ይሁን! ጠባቂ ከሚጠብቀው ጋር የተጣበቀ አይደለምን? ሥሩ አንድ ነው።

የቦርከናው፦
አንድ አይደለም። በኃላፊ ጊዜ ሁለቱም «በ»ን አጥብቀው ስለሚነበቡ ሽማግሌው ያሉትን ጆሮ አይለየውም። «ይጠብቃል» ስንል ግን የዘበኛው ጠብቆ፣ የገመዱ ላልቶ ይነበባል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የሚጠብቀው ገመድ ላላ፣ የሚጠብቀው ዘበኛ ጠበቀ! ይኼንን ለቅኔ አስቀምጡልኝ።

የአራዳዋ፦
እዚህ ያለው ሁሉ ዳዊት ደግሟል ተብሎ ነው? ዐረብኛውም ለግጦሽ የተከለለን ቦታ «ሒማ» ይለዋል፤ ከመጠበቅ የወጣ ቃል ነው። ለእኔ ግን ነገሩ ያለው በ«ልን» እና በ«ብን» ላይ ነው። በደርግ ዘመን ወሎ ውስጥ በምግብ ለሥራ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረ ተራራው ችግኝ ለበሰ፤ ከብቱም ምሳሩም ተከለከለ። በ1983 መንግሥቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ያ ዛፍ ተጨፈጨፈ። ሰው የተከለውን ዛፍ የሚቆርጠው «ብን» ብሎ ሲሰማው ነው። ሣሩን አጭዶ እንዲወስድ የተፈቀደለት ገበሬ ግን «ልን» ይላል። የወሎን ረሃብ ያየ ሰው ዛፍ ይጠላል ብዬ አላምንም።

ዘዳዊት፦
እህቴ፣ «ረኃብ» በብዙኃኑ «ኀ» ነው የሚጻፈው።

የሸዋ በሩ፦
የእኔ ጥያቄስ?

የቦርከናው፦
ጠብቅ። ጠብቆ ይነበብ።