በዊንተር በክሊት ጫማ (ከስሩ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍ ብረት ያለው) ብስክሌት የምትነዱ፣ እግራችሁን በምን ታሞቃላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ ሚኒያፖሊስ ነኝ፣ ስራ የምሄደው በብስክሌት ነው ሚድታውን ግሪንዌይ የሚባለውን የብስክሌት መንገድ ይዤ። በረዶውን ስለሚጠርጉት መንገዱ አያሳስበኝም፣ እግሬ ነው ያስቸገረኝ። ጫማዬ የበጋ ነው፣ ክሊቱ ባለ ሁለት ብሎኑ ኤስፒዲ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ላዩ ወንፊት በሉት፣ ከዜሮ በታች 10 ሴልሺየስ ሲገባ ግማሽ መንገድ ላይ ጣቶቼ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ለዊንተር ተብሎ የሚሸጠውን አየሁት፣ ዋጋው አይቀመስም። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤ ሞከርኩ ጭራሽ ባሰብኝ። ቤት ውስጥ ባለ ነገር የሚሰራ መላ ካለ ንገሩኝ እስቲ። የበረዶ ቡትስ አለኝ፣ እሱን በስቼ ክሊት ብገጥምበትስ?

ዴንቨር፦ የባሰብህ እኮ ጫማው ስለጠበበህ ነው ወንድሜ፣ እግር ከታፈነ ደም አይዘዋወርም። አንድ የሱፍ ካልሲ ብቻ አድርግና ጣቶችህን እንደልብ ማንቀሳቀስ መቻልህን እይ። ብርዱ ደሞ ከላይ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ክሊቱ ብረት ብሎኑ ብረት ፔዳሉ ብረት፣ ሙቀትህን ከስር እየሳቡ ይጨርሱታል። የውስጥ ሶሉን አውጣው፣ መጀመሪያ የክሊቱን ብሎኖች በ4 ሚሊ አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎኑ) በደንብ አጥብቅ (በኋላ ለመንካት ሁሉንም መፍታት ነው)፣ ከዛ ከውስጥ በኩል ያለውን ቀዳዳ በዳክት ቴፕ ደራርበህ ድፈነው። ያቺ መኪና መስታወት ላይ የምትደረገው የምታብረቀርቅ የፀሐይ መከላከያ አለች አይደል? አሮጌ ካለህ የውስጥ ሶሉን ላይዋ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምርና ቁረጥ፣ ከሶሉ ስር አንጥፋት። አንድ ንጣፍ ይበቃል፣ ካወፈርከው መልሶ ይጠብሃል።

ስቶክሆልም፦ እሱ ያለው እንዳለ ሆኖ ነፋሱንም ዝጋ፣ ጣቶችህ ጋ ያለውን ወንፊት በቴፕ ሸፍነውና አሮጌ ትልቅ ካልሲ ከጫማው ውጪ አጥልቅበት፣ ክሊቱ ጋ ብቻ በመቀስ ቀዳዳ አውጣለት። ስታየው ያስቃል ግን ይሰራል። ሌላው ፌስታል ነው፣ መጀመሪያ ቀጭን ካልሲ፣ ከዛ ፌስታል፣ ከዛ የሱፉ ካልሲ፣ ላብህ ፌስታሉ ውስጥ ስለሚቀር ሱፉ ደረቅ ሆኖ ያሞቅሃል።

ሲያትል፦ ፌስታሉ ለአጭር መንገድ ይሁን፣ ከሰዓት በላይ ከሆነ ግን እግር ረጥቦ ይጨማደዳል፣ ስራ ቦታ መቀየሪያ ካልሲ ከሌለህ ይቅርብህ ባይ ነኝ። ቡትሱን ደሞ በፍፁም እንዳትበሳው!! ሶሉ ለስላሳ ነው፣ ብሎኑን የሚይዝ የብረት ሳህን የለውም፣ እግርህን ለማላቀቅ ስትጠመዝዝ ክሊቱ ሶሉ ላይ ይዞራል እግርህም ከፔዳሉ አይላቀቅም፣ በረዶ ላይ ደግሞ መቆም ስትፈልግ እግር አለመላቀቁን አስበው። በዛ ላይ በቀዳዳው ውሃ ይገባል። በጣም ሲበርድ እኔ ፍላት ፔዳል (ክሊት የማይፈልገውን ዝርግ ፔዳል) ገጥሜ ቡትሴን አድርጌ ነው የምነዳው። ፔዳሉን የሚፈታው ብዙ ጊዜ 15 ሚሊ ቁልፍ ነው፣ የግራው ፔዳል ግን ጥርሱ ግልባጭ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን 🙏 ፍላት ላይ እግሬ እየተንሸራተተ ነው የተውኩት፣ ለባሰ ቀን ግን አስበዋለሁ። ክሊቱ ውስጥ በረዶ ተጠቅጥቆ አልገባም ሲለኝስ? እነዛ የሚሞቁ ትንንሽ ከረጢቶችስ?

ዴንቨር፦ ከመውጣትህ በፊት ክሊቱንም ፔዳሉንም ሲሊኮን ስፕሬይ ንፋቸው፣ ከተጠቀጠቀ ጫማህን ፔዳሉ ጎን መታ መታ አድርገው። የፔዳሉንም መያዣ ትንሽ አላላው።

ሲያትል፦ ከረጢቶቹ ውስጥ ያለው የብረት ዱቄት ነው፣ አየር ካላገኘ አይሞቅም፣ ስለዚህ ጥብቅ ጫማ ውስጥ ብዙም አትጠብቅ። ካደረግክ ከጣቶችህ በላይ ካልሲው ላይ ለጥፈው፣ ባዶ ቆዳ ላይ አይሆንም ያቃጥላል። ስኳር ያለበት ሰውማ እግሩ ላይ ባያስጠጋው ይሻላል፣ ሲያቃጥለውም ላይሰማው ይችላል።

ስቶክሆልም፦ ጣትህ ነጭ ሆኖ ጭራሽ አልሰማህ ካለ ግን እንዳታሸው፣ ሂተር ላይም እንዳትለጥፈው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ካልተመለሰ ቀጥ ብለህ ሀኪም ጋ።