ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ ቦንድ ላይ ጠፋሁ፣ እናንተ እንዴት ነው ያጠናችሁት?

ሁለተኛ ዓመት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ፕሪንሲፕልስ ዋንና ቱን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት፤ ጆርናል፣ ፖስቲንግ፣ አድጀስቲንግ ኢንትሪ ምንም አይከብደኝም። ኢንተርሚዲየት ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ኢንቬንተሪና ቋሚ ንብረት ላይ እንደምንም ስከተል ነበር፣ ቦንድ (ድርጅት ገንዘብ ለመበደር የሚሸጠው የዕዳ ሰነድ) ላይ ስንደርስ ያ የኢፌክቲቭ ኢንተረስት ሰንጠረዥ (የየዓመቱን ወለድ በገበያው ምጣኔ የሚያሰላው) መጣና እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳይገባኝ መገልበጥ ብቻ ሆነ። ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ከሲኒየሮች ያገኘሁት ሀንድአውት ላይ ላይፎ (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጥረው የኢንቬንተሪ ስሌት) በሰፊው ተብራርቷል፣ ክፍል ውስጥ ግን አይሠራበትም ተባለ። የትኛውን ልያዝ? ኢንትሪዎቹን ሸምድጄ ልግባ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ፋይናል ደርሷል።

ባላንስ
እህቴ፣ መሸምደዱን ተይው። ፕሪንሲፕልስ ላይ የምትጠየቂው ዴቢቱ ማን ነው፣ ክሬዲቱ ማን ነው የሚለውን ነበር። አሁን የምትጠየቂው በስንት ብር ይመዝገብ፣ ለምንስ በዚያ ዋጋ የሚለውን ነው። ኢንትሪው ሁለት ሦስት መስመር ነው፤ ጭንቁ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው።

ቦንዱም የከበደሽ ፕሬዘንት ቫልዩ (ወደፊት የሚገኝ ገንዘብ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ) በደንብ ስላልገባሽ ይመስለኛል። ብዙ ልጅ ያንን ምዕራፍ የፋይናንስ ኮርስ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ከዚያ ቦንድ፣ ሊዝ፣ የረጅም ጊዜ ኖት ሁሉ ይከብደዋል። ሰንጠረዡን ለጊዜው ዝጊውና ይህን ሥሪ። አንድ ድርጅት የ100,000 ብር ቦንድ ሸጠ፣ ዘመኑ 5 ዓመት ነው፣ በየዓመቱ መጨረሻ 8 በመቶ ወለድ ይከፍላል። ገበያው ላይ ግን ተመሳሳይ ስጋት ያለው ቦንድ 10 በመቶ ያስገኛል። ታዲያ ገዢው ለምን 100,000 ይከፍላል? አይከፍልም። የሚከፍለው ወደፊት የሚያገኘው ገንዘብ በ10 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ የሚያወጣውን ነው። በ5ኛው ዓመት የሚመለሰው 100,000 ዛሬ 62,092 ብር ነው። በየዓመቱ የሚመጣው 8,000 ደግሞ አምስቱም ወደ ዛሬ ሲመለሱ 30,326 ይሆናሉ። ድምሩ 92,418። ድርጅቱ እጅ የገባው ይህ ነው፣ ዕዳው የሚመዘገበውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ተመለሺ። የመጀመሪያው ዓመት የወለድ ወጪ የ92,418 10 በመቶ፣ ማለትም 9,242 ነው። በጥሬ የተከፈለው 8,000 ብቻ ነው። ያልተከፈለው 1,242 ዕዳው ላይ ይደመርና ዕዳው 93,660 ይሆናል። የሁለተኛው ዓመት ወለድ ከ93,660 ይሰላል። ቀሪው ይኸው ስሌት መደጋገሙ ነው።

ኦዲት ላይ ያለሁ
ስለ ላይፎው እኔ ልመልስ። አይ ኤ ኤስ 2 (የኢንቬንተሪው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ) ላይፎን አይፈቅድም፤ ፊፎና (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል) ዌይትድ አቬሬጅ (አማካይ ዋጋ) ላይ አተኩሪ። ላይፎ የሚፈቀደው በአሜሪካው ጋፕ (የአሜሪካ የሂሳብ አያያዝ ደንብ) ነው፣ የቆዩ ሀንድአውቶች ደግሞ ብዙዎቹ ከአሜሪካ መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው። እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ወደ አይ ኤፍ አር ኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ስታንዳርድ፣ አይ ኤ ኤስ 2ም የዚሁ አካል ነው) ተገብቷል፣ የሚከታተለውም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ስለዚህ ሀንድአውት ስትቀበሊ መጀመሪያ በየትኛው ስታንዳርድ እንደተጻፈ እዪ።

ልዩነቱ ላይፎ ላይ አያበቃም። 500 ብር የተገዛ ዕቃ አለሽ እንበል። የሚሸጠው 560 ነው፣ ለመሸጥ ግን 90 ብር ወጪ አለው። ኔት ሪያላይዘብል ቫልዩው (ከመሸጫው ዋጋ የመሸጫ ወጪው ሲቀነስ የሚተርፈው) 470 ነውና 30 ብር ኪሳራ ትመዘግቢያለሽ። በሚቀጥለው ዓመት ዕቃው ሳይሸጥ ይኸው ዋጋ 520 ቢደርስ በአይ ኤፍ አር ኤስ ወደ 500 ትመልሺዋለሽ፣ ከ500 በላይ ግን አትሄጂም። በአሜሪካው ጋፕ ዓመቱ ካለፈ በኋላ መመለስ የለም። ቋሚ ንብረትን ሪቫሉ ማድረግም (በወቅቱ ዋጋ እንደገና መተመን) እንደዚሁ ነው፣ እዚያ አይፈቀድም፣ እዚህ ይፈቀዳል፣ ጭማሪውም ባብዛኛው የሚሄደው ወደ አዘር ኮምፕሪሄንሲቭ ኢንካም (ከትርፍና ኪሳራ ውጭ ለብቻው የሚታይ ገቢ) ነው እንጂ ወደ ትርፍ አይደለም። ሁለቱን አቀላቅሎ ያጠና ልጅ ፈተና ላይ የሚሳተው እዚህ ነው፣ ሥራ ላይም ያስቸግረዋል።

የመጨረሻ ዓመት
ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፣ መሸምደድ አያስፈልግም የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። አይ ኤፍ አር ኤስ 15 ላይ ያሉትን የገቢ መመዝገቢያ አምስት ደረጃዎች፣ አንድ ነገር ንብረት ተብሎ እንዲመዘገብ ማሟላት ያለበትን መስፈርት፣ እነዚህን በቃልሽ ካልያዝሽ ጥያቄው ላይ ምን እንደምትፈልጊ አታውቂም። ኤግዚት ኤግዛም (ለመመረቅ የሚወሰደው የመውጫ ፈተና) ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የኢንተርሚዲየት ነገር ደግሞ እዚያም አይቀርልሽም።

ስታጠኚ ግን መልሱን ዘግተሽ ሥሪ። የተሠራ ጥያቄ ማንበብ የገባሽ ያስመስላል። ለምሳሌ ይህን ሞክሪ፦ 600,000 ብር የተገዛ ማሽን፣ ዕድሜው 10 ዓመት፣ ቀሪ ዋጋ የለውም። ከ4 ዓመት በኋላ የቀረው ዕድሜ 3 ዓመት ብቻ ነው ተባለ። ብዙ ልጅ ያለፉትን ዓመታት ሊያስተካክል ይሄዳል። አይነካም። የቀረው 360,000 ለ3 ይካፈላል፣ በዓመት 120,000።

ሁለተኛ ዓመት (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ! አሁን ገና 92,418 ከየት እንደመጣ ገባኝ። ገልብጬም ሞከርኩት፦ ቦንዱ የሚከፍለው 10 በመቶ፣ ገበያው 8 በመቶ ቢሆን፣ ሽያጩ 107,985 መጣልኝ። የመጀመሪያው ዓመት የወለድ ወጪ 8,639፣ የተከፈለው 10,000፣ ስለዚህ ዕዳው ወደ 106,624 ይወርዳል። ትክክል ነኝ?

ባላንስ
ትክክል ነሽ። እስከ 5ኛው ዓመት ቀጥይው፣ የመጨረሻው ወለድ ከተከፈለ በኋላ ዕዳው 100,000 ላይ ማረፍ አለበት። አንድ ሁለት ብር ቢዛነፍ ከማጠጋጋት ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሰንጠረዡን እዚህ ለጥፊውና አብረን እናየዋለን።