ለወንድሜ ጥቂት ቀን የሚያርፍበት ቤት የምታውቁ፣ ሜልበርን

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልበርን፣ በተለይ ፉትስክሬይ አካባቢ ያላችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ታናሽ ወንድሜ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ዊልቸር ላይ ነው፤ ከአልጋ የሚነሳው በማንሻ ማሽን ነው። ከአማርኛ ሌላ ብዙም አይገባውም። የምትንከባከበው እማዬ ናት። አሁን እሷ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ነው፤ እኔ ደግሞ የሌሊት ሥራ ነው የምሠራው።

ኤንዲአይኤስ (የአውስትራሊያ መንግሥት የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ፕሮግራም) የአጭር ጊዜ ማረፊያ ይከፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት እስከ 28 ቀን። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ እንክብካቤውም በዚያው ሂሳብ ነው። ብሩ ለእሱ በተፈቀደው የድጋፍ ፕላን ላይ አለ። የጠፋው ቤቱ ነው።

ያየነው አንድ ቤት ንጹህ ነው፣ ክፉ አልልም። ግን ማታ ተረኛው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለአራት ነዋሪ። ወንድሜ ቶሎ ቶሎ ከጎረሰ ትን ይለዋል። እንጀራው በሽሮ በደንብ ርሶ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ ነው የሚያጎርሱት። ይህን ለማያውቀው ሰው ወረቀት ላይ ጽፌ ብሄድ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

የኤንዲአይኤስ ድጋፉን የምታስተባብርልን ሴት ደግሞ «ለምን በቋሚነት አይገባም?» ትላለች። በቋሚው መኖሪያ የሚሸፈነው ድጋፉ ነው እንጂ ኪራይና አስቤዛ ከአካል ጉዳት ጡረታው ነው የሚወጣው። እማዬ ይህን ስትሰማ «ልጄን ለሰው ቤት?» ብላ ቀዶ ጥገናውንም ልትተወው ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን አልጠላሁትም። ቀስ ተብሎ ከሆነ።

አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ያለበት ማረፊያ የምታውቁ አላችሁ? ቀን ቀን የሚመጣለትን የራሱን ሠራተኛ ይዞ የገባስ? አንድ ሁለት ሌሊት እያሳደራችሁ ያስለመዳችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት? የእማዬ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ የሚቀጥለው ወር ነው፤ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ።